ገብስማው ጫጩት

ይድረስ ለወንድሜ ለዘይኑልአቢዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ የብርድ ሳልህ ለቀቀህ? ካለፈው ዐረፋ ወዲህ ድምፅህ ጠፋብን። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከሐሳብ በቀር ደህና ነን።

አባባ የተሳሉትን ታውቃለህ፤ አንተ ከዘመቻ በሰላም ስትመለስ ለወዳጃው ዱዓ ገብስማ አውራ ዶሮ ሊያርዱ፣ ያውም ቤታችን የተፈለፈለ። አሁን ነገሩን ገልብጠው ዶሮው ካልተገኘ ልጄ አይመጣም ይላሉ። ብንለምን፣ ብንቆጣ ወይ ፍንክች!

ችግሩ ያ ነጭ የፈረንጅ አውራ ነው። የግብርና ሰዎች እሱን ሲያድሉ የአገሩን አውራ ሰብስበው ስለወሰዱት ቦሩ ሜዳ የሚፈለፈለው ሁሉ ነጭ ሆነ። አባባ ኮምቦልቻ ድረስ መጥተው፣ ጫጩት መፈልፈያ ትሠሪ የለም እንዴ፣ መልኩን አስተካክይልኝ አሉኝ። ሳቄም ዕንባዬም መጣ።

ሳይፈለፈል የቀረውን ዕንቁላል እየሰበርን ስለምናይ አውቀዋለሁ። ጫጩቱ መጀመሪያ ራቁቱን ነው። ከዚያ ብርድ እንደመታው ቆዳ ጀርባው ላይ ጥቃቅን ነጥቦች በመስመር ይወጣሉ፤ ከጎኑ ሌላ መስመር፣ ደግሞ ሌላ፣ አንዱ አንዱን ሳይጋፋ። ላባው የሚበቅለው ከነዚያ ነው። ቀለሙ ከጀርባው ተነስቶ በቆዳው ውስጥ እየተጓዘ በየነጥቡ እንደሚገባ አለቃዬ ወይዘሮ ፀሐይነሽ ነግረውኛል። የነጩ አውራ ልጅ ላይ ግን ቀለሙ አይወጣም። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?

ደግነቱ ጎረቤታችን እትዬ ሸሪፋ አንድ ገብስማ አውራ ጎተራ ውስጥ ደብቀው ኖሯል፣ ጉደኛ እኮ ናቸው! ዶሯችንን ከሱ ጋር አዋልናት፤ ታቀፈችም። ሊፈለፈል ሲቃረብ ለዘመቻ ወጣት የሚፈልጉ ሰዎች መጥተው ቤቱን አመሱት። ዶሮዋ ደንብራ ጠፋች። ስትመለስ ዕንቁላሉ ቀዝቅዟል።

በፈቃድ ቤት ሄጄ ስለነበር አባባ ሳያዩ ሰበርኩት። አንዱ ጥቁር ነው፣ አናቱ ላይ ነጭ ነጥብ አለው። ሲያድጉ ገብስማ የሚሆኑት እንዲህ ያሉት ናቸው። ምንም አልጎደለውም፤ መውጣት ብቻ ነበር የቀረው። ከጓሮ ቀበርኩትና ለአባባ ቀድሞም ዘር አልያዘም አልኳቸው።

ወንድምዬ፣ ከዚያ በኩል የምንሰማው ወሬ ደስ አይልም። አንተ ዶሮ አትጠብቅ። ና ብቻ።

እማማ ዱዓዬ አይለይህ ብላለች። እትዬ ሸሪፋ በጣም ሰላም ይሉሃል። አባባም ሰላም ብለውሃል፤ ገብስማው አድጓል፣ ታስሮ ይጠብቅሃል ብለሽ ጻፊለት ብለውኛል። እንዳሉኝ ጽፌልሃለሁ።

እህትህ መዲና
ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ ፳፭ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.