ዝግባው ላይ የቀረው ጃንጥላ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አራት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ቀሚስ ጨረስኩ። ጎረቤቴ ሃሊማ በርበሬዋን አጥሩ ሥር አስጥታ ቀኑን ሙሉ ስናስነጥስ ዋልን። ሰይዶ ከማሽኔ አጠገብ ቁጭ ብሎ ቁልፍ ይተክላል። ያ ቅርፊት የመሰለ ጣቱ መርፌ ይዞ ሳየው… እንጃ። ባሌ ነው፣ ሥራ ያግዘኛል፣ ምን ጎደለኝ? ግን ደስ አይለኝም። ደግሞ ስፌቱ ከእኔ ይልቅ ንጹህ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ከቡኢ ድረስ መጣ። ቀፎ የሚሰቅልለት ፈልጎ።

"ሰይዶ አንተ ነህ? ዛፍ ላይ እንዳንተ የሚወጣ የለም አሉኝ።"

"ድሮ ነው። አሁን ሚስቴ ምላብኛለች።"

ቀና እንኳን አላለም። ሰውየው እኔን አየኝ። እባብ ያየ ነው የሚመስለው። ሻይ አፍልቼለት ሳይጠጣ ሄደ።

ይየኝ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፣ ለመድኩት። ያን ጊዜ ለአረፋ እንግዳ መጥቶብኝ "አቮካዶ አውርድልኝ" ያልኩት እኔ ነኝ። የጓሮ አቮካዶ! ስንት ዝግባ ላይ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው ከጓሮ አቮካዶ ወደቀ። ዳሌው ወለቀ፣ ጭኑ ተሰበረ። ወጌሻው ሲመልስለት የጮኸው ጩኸት… ያን ቀን ነው የማልኩት። "ወላሂ፣ ሁለተኛ ዛፍ ላይ ከወጣህ እዚህ ቤት አላድርም።" እሺ አለ። ትንሽ እንኳን አልተከራከረም። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ምን ዓይነት ቀን ነው ዛሬ!

ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ከአውሮፕላን እየዘለሉ ቡታጅራ ላይ ትርኢት ያሳያሉ ሲባል ሰምተን ነበር። ጠዋት ትንሽ አውሮፕላን ዞረች። አንጋጠን እናያለን። ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆነው ወረዱ፣ ጃንጥላቸው ተከፈተ። አንዱ ግን… ቀይና ቢጫ ነው፣ እየተጠማዘዘ፣ ነፋስ እየገፋው ወደኛ መጣ። ጀፎረው ላይ፣ የመንደሩ ሰፊ የሣር መንገድ ላይ ያለው ትልቁ ዝግባ ጫፍ ላይ ተሰቀለ። ባዶውን! ሰው የለበትም!

"ሰውየው ወድቋል!" አለ አንዱ። በቃ፣ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የሰው በርበሬ እየረገጥን፣ እንሰት ለእንሰት እየገባን ሬሳ ፈለግን። የለም። ሼህ ሙባሪክ መጡና "ሬሳው ቢገኝም ባይገኝም፣ መሬታችን ላይ የሞተ እንግዳ ያለ ለቀስተኛ አይቀርም" አሉ። ማን ይከራከራል? የዕድሩ ድንኳን ከነአግዳሚው መጣ፣ ዝግባው ሥር ተተከለ። ወንዶቹ ዱዓ አደረጉ። አማቴ እማማ ከድጄ "እናቱ የት ሆና ትሰማ ይሆን?" እያሉ አነቡ። እኔም አለቀስኩ። ለምን እዋሻለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባጃጅ አንድ ወጣት መጣ። ክርኑ ተልጧል፣ አቧራ በአቧራ ሆኗል። ድንኳኑን ሲያይ አንገቱን ደፋ፣ ገብቶ "እግዜር ያጽናችሁ" ብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ያለው ሰይዶ ነበር። ቆይቶ በሹክሹክታ፣

"ማን ነው የሞተው?"

"ከሰማይ የወደቀ እንግዳ ነው። ስሙን እንኳን አናውቅም።"

ልጁ ዛፉን አየ። ጃንጥላውን አየ። እኛን አየ።

"እኔ ነኝ" አለ።

ለካ ጃንጥላው ሲከፈት ገመዱ ተጠላልፎበት፣ እሱን ፈትቶ ለቀቀውና በመጠባበቂያው ወረደ። ከከተማው ወዲያ ማዶ! እኛ ስናለቅስለት እሱ ቡታጅራ ጁስ ይጠጣ ነበር። መጀመሪያ ሼህ ሙባሪክ ሳቁ፣ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። ሰይዶም ሳቀ፣ ድምፅ አውጥቶ። ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ ሲስቅ የሰማሁት መቼ ነበር?

ልጁ ክርስቲያን ይባላል። አባቱ የቡኢ ሰው ናቸው። ለለቅሶው የተዘጋጀውን ቆጮ አብልተን ሸኘነው።

ኅዳር 7፣ እሁድ

ክርስቲያን ተመልሶ መጣ፣ ጃንጥላውን ሊያወርድ። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ጨርቁ ይበላሻል አለ። ረጅም መሰላል ተከራይቷል። መሰላሉ ግን የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ላይ እንኳን አልደረሰም። ግንዱ ሁለት ሰው ተቃቅፎ አይሞላውም። የመንደሩ ወጣቶች ባህር ዛፍ እንጂ ይህን አንሞክርም አሉ። እሱ ራሱ መሰላሉን ጨርሶ ወጣና ቆመ። ወደ ላይም ወደ ታችም የለም። ሰው ተረዳድቶ አወረደው።

"እኔ ከፍታ እፈራለሁ" አለ። እንዲሁ፣ ሳያፍር!

"ከአውሮፕላን የምትዘለው ልጅ?" አለችው ሃሊማ።

"እዚያ ላይ መሬቱ ካርታ ነው የሚመስለው። እዚህ ግን ድንጋዩ ይታየኛል።"

ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። ሰይዶ ብቻ አልሳቀም። ልጁን ብዙ አየው።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

የክርስቲያን አለቃ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ከነመጋዙ ይዞ መጣ። በሞተር የሚሠራውን። ሼህ ሙባሪክ ግንዱን ተደግፈው ቆሙ። "ደም የተቃቡ ሰዎች ሲታረቁበት የኖረ ዛፍ ነው። ብረት አይነካውም። ሰው ይውጣበት፣ ብረት ግን አይነካውም" አሉ። አለቃው ጃንጥላው እስከ ቅዳሜ ካልወረደ ከላይ ፈቃድ አምጥቶ እንደሚያስቆርጠው ተናግሮ ሄደ።

 ሰው አንድ በአንድ ወደ ሰይዶ ዞረ። ያ ዛፍ ላይ ስንት ጊዜ ቀፎ ሰቅሏል!

"ሚስቴ ምላለች" አለ ሰይዶ።

አሁን ደግሞ ሁሉም ወደኔ። የምገባበት ጉድጓድ አጣሁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሰይዶ ምሳ አልበላም። እኔም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ክር ልገዛ ስሄድ አየሁት። ዝግባው ሥር ብቻውን። መዳፉን ግንዱ ላይ አድርጎ፣ አንጋጦ፣ ቅርንጫፍ የሚቆጥር ይመስላል። ሳያየኝ በሌላ መንገድ ዞርኩ።  ናፍቆት ነው አልኩ። እኔ ነኝ ያሰርኩት። ሰውየውን ከሞት አተርፋለሁ ብዬ በቁሙ ቀበርኩት?

ሼህ ሙባሪክ ቤት ሄድኩ።

"መሐላዬን ማንሳት እችላለሁ?"

"ማንሳቱ ይቻላል። አሥር ችግረኛ ታበያለሽ። አቅም ካጣሽ ሦስት ቀን ትጾሚያለሽ። ግን ልጄ፣ ቢወድቅስ?"

"እሱን እኮ ነው የምፈራው።"

"እሺ፣ ባይወጣስ?"

 እስከ ቤቴ ድረስ ሳስበው መጣሁ። እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያየው። ስምል ያሰብኩት ስለ እሱ ብቻ አልነበረም። አቮካዶ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ዳግመኛ ቢወድቅ በእኔ እንዳይሆን ነው። ራሴን ነው ያዳንኩት… እሱ ደግሞ ቁልፍ ይተክላል።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ። ሃሊማ ረዳችኝ። አሥር ሰው በላ፣ መረቀ፣ ሄደ። እጄን ታጥቤ ከቆጡ ላይ መጫኛውን አወረድኩ። ያ ወገቡን ከዛፉ ጋር የሚያስርበት የቆዳ ገመድ፣ ደርቆ እንጨት መስሏል። ቅቤ ቀባሁትና ፊቱ አስቀመጥኩ።

"መሐላዬን አንስቻለሁ። ነጻ ነህ።"

ይደሰታል ብዬ! ፊቱ አመድ መሰለ።

"መች ጠየቅኩሽ?"

"ዛፉን ስታቅፈው አየሁህ እኮ።"

 ተነስቶ ወጣ። ብልጭ አለብኝ። አሥር ሰው አብልቼ፣ እንቅልፍ አጥቼ… ቢያንስ "ጎበዝ" አይባልም? ወንድ ልጅ እንዴት ነው የሚደሰተው?

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ወጣ።

አላይም ብዬ ነበር። ማሽኑ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋሁ። ተነስቼ ሄድኩ።

ክርስቲያን የራሱን የራስ ቆብ አድርጎለታል፣ ያንን ጠንካራውን። በባዶ እግሩ ነው። ሲባጎ ላይ ድንጋይ አስሮ ወርውሮ በሦስተኛው የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ አሳለፈው፣ በሲባጎው ገመዱን ጎተተ። መጫኛውን ወገቡ ላይ አጠበቀ። "ቢስሚላህ" አለ። ከታች ወንዶቹ የድንኳኑን ሸራ ወጥረው ያዙ።

እስከ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ድሮ እንደማውቀው ነው። ከዚያ ቆመ። ግንዱን አቅፎ፣ ጉንጩን ለጥፎ። ብዙ ቆየ። "እያረፈ ነው" ይላል ሰው። የግራ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ዳሌው ነው አልኩ፣ አመመው።

"እትዬ ፈትሂያ፣ ሕመም አይደለም" አለኝ ክርስቲያን ቀስ ብሎ። "እኔ አውቀዋለሁ። ጋሽ ሰይዶ ፈርቷል።"

"ሰይዶ? እሱን አታውቀውም!"

ግን እግሩን አየሁ… ጮህኩ። "ሰይዶ! ውረድ! ይቅር፣ ጃንጥላው ይቅር!" ሁሉም ሰማ። እሱም ሰምቷል።  ቆይቶ አንድ እጁን አነሳ። ከዚያ አንድ እግሩን።

ጫፉ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆየ። የጃንጥላው ክሮች በቅርንጫፍ ሁሉ ተተብትበዋል። ሰው ከታች "ቁረጠው፣ ምን ታደርገዋለህ!" ሲል ክርስቲያን አፉን በእጁ ይዟል። ሰይዶ አልቆረጠም። አንድ በአንድ ፈታ። ከዚያ ጠቅልሎ በገመድ ለቀቀው፣ ሣሩ ላይ ዘረጋነው። ያ አላህ፣ ስፋቱ! ስፌቱን ነካሁት። እንዲያ ቀጥ ያለ ስፌት አይቼ አላውቅም። አንድ ቦታ ብቻ ነው የተቀደደው።

ሰይዶ መሬት ሲረግጥ ሰው ተሸከመው። እኔ አልተጠጋሁም። ሃሊማን ይዤ ቆምኩ። ዛፉም ተረፈ፣ እሱም ተረፈ። አልሃምዱሊላህ።

ኅዳር 14፣ እሁድ

ቁርስ ላይ እንደ ቀልድ "አሁንስ አታመሰግነኝም?" አልኩት።

ቁራሹን አስቀመጠ።

"ፈትሂያ… እኔ መሐላሽን እወደው ነበር።"

አልገባኝም።

"ከወደቅኩ ወዲህ እንኳን ዛፍ፣ ወንበር ላይ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሰው ይመጣል፣ ውጣልን ይላል። ሚስቴ ምላለች እላለሁ። አንቺ ክፉ ትባያለሽ፣ እኔ ጀግና እንደሆንኩ እቀራለሁ። ሐሙስ ነጻ ነህ ስትይኝ ጣሪያዬን ያነሳሽብኝ ነው የመሰለኝ። ካልወጣሁ ሰው ሁሉ ያውቃል። ፈሪ እንዳልባል ፈርቼ ነው የወጣሁት።"

 ቆጣ አልኩ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ! እኔ እባብ ስመስል፣ የሰው ዓይን ሲበላኝ፣ እሱ ከኋላዬ ተሸሽጎ! ተናገርኩ፣ ብዙ ተናገርኩ። አልተከላከለም። "ልክ ነሽ" አለ።

እዚያ ላይ ነው የእኔም ምስጢር የወጣው። "እኔስ? አቮካዶውን ያዘዝኩህ እኔ ነኝ። ስምል ለራሴ ነው የማልኩት።"

ትክ ብሎ አየኝ።

"አቮካዶው? ቅርንጫፉ የበሰበሰ ነበር እኮ። እያየሁት ነው የረገጥኩት። የጓሮ ዛፍ ምን ያደርገኛል ብዬ ናቅሁት።"

"ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝ። እኔም አፈርኩ።"

አልቅሼ ይሁን ስቄ አላውቅም። ሁለቱንም መሰለኝ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነው የጠጣነው።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ክርስቲያን ደወለ። ጃንጥላው አዲስ አበባ ተሰፋ፣ ቅዳሜ ዘልሎበታል። ሰይዶ "አልፈራህም?" ሲለው ይሰማኛል። "ሁልጊዜ ነው የምፈራው ጋሼ" አለ መሰለኝ። ብዙ አወሩ።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

ሁለት ሰዎች ከጉንችሬ መጡ። ወሬው እዚያ ድረስ ደርሷል፣ "የዝግባው ሰውዬ" ይሉታል። ቀፎ ሊያሰቅሉ ነው፣ ስድስት ቀፎ፣ ረጅም ዛፍ ላይ። ሰይዶ የተማሪ ሸሚዝ ይዞ ነበር። ሽማግሌ የሚመስለው ወደኔ ዞረና እጁን አጣምሮ፣

"እህቴ፣ ምለሻል ሲሉ ሰምተናል። እባክሽ ለእኛ ስትይ…"

አፌን ሳልከፍት ሰይዶ ቀደመኝ።

"እሷን ተዋት። የሷ መሐላ ቀርቷል። እኔ ነኝ የምፈራው።"

እንዲህ ነው ያለው። ቃል በቃል። ማሽኔን አቆምኩ።

ሰዎቹ ተያዩ። አንዱ መሬት መሬት አየ፣ እሱ ያፈረ ይመስል። ሰይዶ ግን ቀጠለ። "ዛፉን መጥቼ አየዋለሁ። የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚይዝ፣ የትኛው እንደሚከዳ ለወጣቶቻችሁ ከታች ሆኜ አሳያለሁ። እስከ መጀመሪያው ቅርንጫፍ አብሬያቸው እወጣለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።"

"ከዚያ በላይ አትወጣም?"

"አልወጣም።"

ሽማግሌው አሰበና "ደግ፣ እሱም ይበቃናል" አለ። ሻያቸውን ጠጥተው አብረው ተነሱ። ሚኒባሱ ድረስ ሸኘኋቸው። ሰይዶ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ከሽማግሌው ጋር ስለ ንብ ወሬ ይዟል። እኔን ረስቶኛል።

ዝግባው ጫፍ ላይ ሳየውም ይህን ያህል አልኮራሁበትም።