ጩኸቴና ዝምታሽ

ውድ ሰኚ፣

መልእክትሽ የደረሰኝ ሐሙስ ዕለት፣ ከመገናኛ ወደ ሲግናል በእግሬ ስመለስ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቱኒዝ ላይ ብቸኝነቱ እንደከበደሽ ገልጸሽ፣ «ጋሼ፣ ጠቅልዬ ልምጣና እንደ ድሮው ያሠልጥኑኝ?» ብለሻል። በስልክ ሁለት መስመር ጽፌ ልመልስልሽ ብል እጄ እንቢ አለኝ። ስለዚህ ወረቀት አወጣሁ።

የመጀመሪያው የቴኒስ ዓመታችን ትዝ ይለኛል። አንቺ ዐሥራ አራት ዓመትሽ፣ ማርቲ ዐሥራ ስድስቷ። ጠዋት ጠዋት ሁለታችሁንም የእንጦጦ ማርያምን ዳገት አስሮጣችሁ ነበር። ማርቲ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማ ታማርራለች፤ እቆጣታለሁ፤ ትመልስልኛለች፤ እንዲያው በእልህ ጫፍ ትደርሳለች። እሷን ማሠልጠን ማለት ከእሷ ጋር መጣላት ነበር። አንቺ ግን ከባሕር ዛፎቹ መሀል ብቅ ስትዪ ትንፋሽሽ እንጂ ቃልሽ አይሰማም። ስቆጣ አንገትሽን ትደፊያለሽ፤ ሳመሰግንሽም ትደፊያለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የናቅሽኝ ይመስለኝ ነበር።

አባትሽ ግን ነግሮኝ ነበር። ወሰን ሰፈር ያለው ጋራዡ ድረስ ሄጄ ልጅህ አትሰማኝም ብዬ ብከስሽ፣ ሚልኬሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ሰኚን አንዴ ንገራት፤ ሁለት ቀን ታስብበትና ትሠራዋለች። ከደጋገምክባት ግን ማሰቡን ትተወዋለች» አለኝ። ስለ ሞተር እንጂ ስለ ቴኒስ ምን ያውቃል ብዬ በሆዴ ሳቅሁበት።

ከዚያ ናይሮቢ መጣ፤ የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል ውድድርሽ። በመጨረሻው ክፍል አምስት ለሁለት እየመራሽ ነበር። ለማሸነፍ አንድ ጌም ሲቀርሽ አንድ ሰርቭ መረቡ ያዘብሽ። ተነሥቼ መጮህ ጀመርኩ። ወደ ኋላ ቁሚ፣ በግራዋ ምቺ፣ ፍጠኚ። ከእያንዳንዱ ኳስ በኋላ ዐይንሽ ወደ እኔ ሆነ። ሰባት ለአምስት ተሸነፍሽ።

አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠይቅሽ ተናገርሽ።

«ጋሼ፣ ሲጮሁ የኳሱ ድምፅ አይሰማኝም። አንድ ጨዋታ ብቻ ዝም ብለው ይዩኝ።»

«ዝም ካልኩማ ምኑን አሠልጣኝ ሆንኩ? ዝም የሚል ሰው ከፈለግሽ ሌላ ፈልጊ።»

ፈለግሽ። ቱኒዝ ሌላ አሠልጣኝ አግኝተሽ ስትሄጂም ልሸኝሽ አልመጣሁም። ያን ቀን ናይሮቢ ላይ የፈራሁት እኔ ነበርኩ፤ አንቺ አልፈራሽም ነበር። ይህን አምኜ ለመቀበል ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

ባለፈው ወር ጨዋታሽን በማርቲ ስልክ አየሁት። አሁን ሕፃናቱን አብራኝ ታሠለጥናለች። አራት ለአንድ ተበልጠሽ ሳለ ቀና ብለሽ አሠልጣኝሽን አየሻት። ሴትየዋ አንዴ ራሷን ነቀነቀችና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አላየሻትም፤ ጨዋታውን ገልብጠሽ አሸነፍሽ። ማርቲ ስትዘል እኔ ዐይኔ ሴትየዋ ላይ ነበር። እኔ በእሷ ቦታ ብሆንስ ብዬ ማርቲን ጠየቅኋት።

«እርስዎማ ሜዳው ውስጥ ይገቡ ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ ሰኚ፣ መልሴ አትምጪ ነው። ስላልናፈቅሽኝ አይደለም። ዘንድሮ ናዲያ የምትባል እንዳንቺ ዝምተኛ ልጅ አለችኝ፤ ምላሴን ነክሼ ማየት እየተማርኩ ነው። ልምምድ ላይ ይሆንልኛል። ጨዋታው ሲጦዝ ግን ራሴን አላምነውም፤ እኔ እስክማር አንቺ መሸነፍ የለብሽም። ብቸኝነቱ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ሲብስብሽ ደውዪልኝ፤ ያሻሽን ያህል አውሪ፣ ካልሆነም ዝም በዪ፤ ስልኩን አልዘጋውም።

ለዚያ ለናይሮቢው ቀን ይቅርታ አድርጊልኝ። አሠልጣኝሽንም ሰላም በያት። ልጄን ስለያዘችልኝ አመሰግናታለሁ።

ሁሌም ያንቺው፣
ወንድይራድ