ከሲሚንቶው በፊት

ጎርኒ ዶል
ሐሙስ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2024

ይድረስ ለልጄ ለጎይኮ፣

እንደምን አለህልኝ? ክላውዲያስ ደህና ናት? ትንሹ ኤሚል ሳሉ ተወው ወይ? በባዶ እግሩ ወለል ላይ እንዳይሮጥ ተቆጣጠሩት። እኔ ከወገቤና ከዚህ ከቤት ጣጣ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤን ለምጄዋለሁ፤ እንቅልፍ የነሳኝ ቤቱ ነው።

በስልክ ባወራህ ይቀል ነበር። ግን በስልክ ስንነጋገር አንተ መኪና እየነዳህ "እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ" ትለኛለህ፤ እኔም የምናገረው ይጠፋኝና የዶሮዎቹን ወሬ አውርቼ እዘጋለሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን ለድራጊሻ ልሰጠው ነው። ነገ ማታ በሚኒባሱ ተሳፋሪ ጭኖ ወደ እናንተ ወደ ሊንዝ ይወጣል፤ ቅዳሜ ጠዋት ከቃሪያው ድልህ ጋር ያደርስልሃል። የአንደኛው ጠርሙስ ክዳን ልል ነውና ቀጥ አድርገህ ያዘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ የአዲሱ ቤት ወለል ሲሚንቶ ይፈስሳል፣ የታችኛውም የላይኛውም። ከዚያ በፊት ቤቱ በክረምት በምን እንደሚሞቅ፣ በበጋ በምን እንደሚቀዘቅዝ መቁረጥ አለብን፤ ምክንያቱም የሙቅ ውሃው ቧንቧ የሚዘረጋው ከሲሚንቶው ስር ነው። አንዴ ከፈሰሰ በኋላ "ረሳሁ፣ እዚህም ጨምሩልኝ" ማለት የለም። ዝላትኮ፣ ያ ከከተማ የሚመጣው የማሞቂያ ባለሙያ፣ ቅዳሜ ከምሳ በፊት መልስ ስጪኝ ብሎኛል። በጨዋ ደንብ "ይስጡኝ" ነው ያለኝ፤ ጥሩ ልጅ ነው።

እሱ የሚመክረኝ ውጭ የሚቀመጥ ማሽን ነው። ማሽኑ ከአየሩ ላይ ሙቀት ሰብስቦ ለውሃው ይሰጣል፣ ውሃው ወለሉ ስር ይዞራል፣ በበጋ ደግሞ ተገላብጦ ያቀዘቅዛል አለኝ።

"ውርጭ ላይ ምን ሙቀት አለ?" አልኩት።

"እማማ ስታና፣ የፍሪጅዎን ጀርባ ዳስሰው ያውቃሉ?"

እስኪሄድ ጠብቄ ዳሰስኩት። እውነቱን ነው፤ ውስጡ ቅቤው ድንጋይ ሆኖ ጀርባው ይሞቃል። ቢሆንም ልቤ አላረፈም። መብራት ሲጠፋስ? ባለፈው ክረምት በረዶው ሽቦውን ሲጥለው ግማሽ መንደር የተሰበሰበው በዚህ በአሮጌው ቤት ምድጃዬ ዙሪያ አልነበር? ቧንቧው ሲሚንቶው ስር ቢፈነዳስ፣ ማን ቆፍሮ ያወጣዋል? ማሽኑ ሌሊቱን ሲያጓራ ዶሮዎቹ እንቁላል ቢያቆሙስ? አንዱን ጭንቀት ስተወው ሌላው ይነሳል።

አጎትህ ራዶሳቭ ደግሞ አለ። በየቀኑ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሠራተኞቹን ሥራ ያስፈታል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የአየር ማቀዝቀዣ እንደ ጠላቱ ነው የሚያየው።

"ስታና፣ ያንን የብርድ ሳጥን ካስገባሽ እኔ ደጅሽን አልረግጥም።"

"ምን አደረገህ?"

"የማዘጋጃ ቤቷ ጸሐፊ አፏ የተጣመመው በምን ሆነና? ከሳጥኑ ስር ተቀምጣ ብርድ መታት። ያውም በሐሩር።"

"በልጅነቷም ጠመም ያለ ነበር እኮ።"

"እሱ ፈገግታዋ ነው። ይሄ ሌላ ነው" አለኝ፣ ምንም ሳይስቅ። ከዚያ ስለ ማገዶ ጀመረ። "ምድጃ መብራት ጠፋ ብሎ አያኮርፍም" ይላል። በዚህ እንኳ አልተሳሳተም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ሳምንት ዝላትኮ የማሽኑን ጉልበት ለመገመት ክፍል ለክፍል ዞረ። ታች እኔ እንደምተኛ ነገርኩት። ላይ ስንወጣ፣ አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዋልነቱ ዛፍ እንዲታይህ ብሎ ትልቁን መስኮት ባስቀመጠበት ክፍል ቆመና፣ "ጃንዋሪ ላይ እዚህ ማን ይተኛል?" አለኝ።

"ልጄና ምራቴ" አልኩት። "የልጅ ልጄ ደግሞ በዚህኛው።"

"ጠቅልለው ሊመለሱ ነው?"

"ለገና ይገባሉ።"

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። እሱም ደስ አለው፤ "እንግዲያ ቤቱን በሙሉ እናሙቀው" አለ። ማክሰኞ ደግሞ ያንተ መልእክት መጣ። "እማዬ፣ በላይኛው ፎቅ አትቸገሪ። እዚያ ማቀዝቀዣ ይበቃል።"

መነጽሬን አውልቄ ጠርጌ እንደገና አነበብኩት። ማቀዝቀዣ ይበቃል። ለማን ነው ማቀዝቀዣ ብቻ የሚበቃው? ኦገስት መጥቶ ኦገስት ለሚሄድ ሰው ነው። ቅር አለኝ፣ ልደብቅህ አልችልም። ከዚያ እራሴን ገሠጽኩ፤ ምናልባት ልፋቴን አስቦ ይሆናል፣ ምናልባት እየነዳ ቸኩሎ የጻፈው ይሆናል አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ላንተ ምክንያት ስፈልግልህ ዋልኩ።

አልወቅስህም። የናንተ ገና በዲሴምበር ነው፤ የእኛ እስኪደርስ ፈቃድህ አልቆ ሥራ ገብተሃል። ኤሚልም ትምህርት ቤት አለው። ባለፈው ገና የበሉጡን ዛፍ ቅርንጫፍ ምድጃው ውስጥ መትቶ ፍንጣሪ ያስነሳልኝ ራዶሳቭ ነው። "ፍንጣሪው የበዛውን ያህል ልጅ ይብዛልሽ" አለኝ እንደ ደንቡ፤ ሁለታችንም ሰባውን ያለፍን ሰዎች ሳቅን። ይህ የልጅ ሥራ ነው፤ ኤሚል ቢሆን ቤቱን በፍንጣሪ ይሞላው ነበር። አባትህ ላይኛውን ፎቅ ሲያቅድ ሁለተኛ ማድቤት የጨመረበት፣ "ምራትና አማት አንድ ምድጃ አይጋሩም፣ ልጁ ሲመለስ ሰላም ይሁን" ብሎ ነው። እሱ ሲመለስ ነበር የሚለው። ቢመለስ ብሎ አያውቅም ነበር።

እዚህ ላይ ደርሼ ቅዳሜ ደብዳቤው እንደደረሰህ ደውለህ ቁርጡን ንገረኝ ልልህ ነበር። ግን ዝላትኮ ቧንቧ ጭኖ በግቢው በር ሲገባ በመስኮት አየሁትና ብዕሬን አስቀመጥኩ።

አሁን ሄዷል። የሆነውን ልንገርህ።

ላይ ወጣን። ያ መስኮት ጋ ስንደርስ፣ "ዝላትኮ ልጄ፣ ዋሽቼሃለሁ" አልኩት። "በጃንዋሪ እዚህ የሚተኛ ሰው የለም።"

ይስቅብኛል ብዬ ነበር። "አውቃለሁ እማማ" አለኝ። "በዚህ ሸለቆ የማውቀው ላይኛው ፎቅ ሁሉ እንደዚሁ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?"

"እናቴም ለወንድሜ ክፍል ማሞቂያ አስገብታለች። ወንድሜ ዴንማርክ ነው። በየክረምቱ እየገባች እጇን ታስቀምጥበታለች።"

እኔ እንደዚያ መሆን ፈራሁ፣ ጎይኮ። ባዶ አልጋ እያሞቁ መኖር ሰውን ያሳብዳል። ስለዚህ እዚያው ቆረጥኩ። ታች ማሽኑና የወለሉ ቧንቧ ይገባል፤ ምድጃዬም ከነጭስ መውጫው ይቀመጣል፣ መብራት ለሚጠፋበት ቀንና ለራዶሳቭ። ላይ ማቀዝቀዣ ይሰቀላል፣ እንዳልከው። ባለፈው በጋ ኤሚል በሙቀቱ ሰውነቱ ሽፍ ብሎ ሲያለቅስ ያደረው ትዝ ይለኛል፤ ከእንግዲህ እዚህ አይቸገርም። ነፋሱ አልጋው ላይ እንዳይመጣ ከበሩ በላይ ይሰቀላል፤ አንገታችሁን ብርድ እንዲመታችሁ አልፈልግም።

ዝላትኮ ደረጃውን መውረድ ሲጀምር ግን ጠራሁት።

"ቧንቧውን ላይም ዘርጋው" አልኩት።

"አሁን ማቀዝቀዣ ይበቃል አላሉም?"

"ብያለሁ። አንተ ዘርጋው፣ ውሃ አታስገባበት።"

"ባዶ ቧንቧ ምን ይሠራልዎታል?"

"ምንም። ይጎዳኛል?"

"አይጎዳም። ጫፉን እደፍነዋለሁ፤ ውሃ ከሌለበት ውርጭም አይሰነጥቀውም። ሲሚንቶው ስር ዕድሜ ልኩን ይቀመጣል። የፈለገ ሰው መጥቶ ከማሽኑ ጋር ያገናኘዋል።"

"እንግዲያው ሥራህን ሥራ" አልኩት። ይኸው አሁን ሲጎትትና ሲያነጥፍ ይሰማኛል።

ጫፉ የሚወጣው በላይኛው ማድቤት ከበሩ ጀርባ ነው፤ ቀይ ቀለም ይቀባልኛል። ከማሽኑ የሚነሳው መስመር ደግሞ ታች ከደረጃው ስር ነው። ልብ ብለህ ያዘው፤ ሁልጊዜ እኔ ላሳይህ አልችልም።

ለክላውዲያ ድልሁን በዳቦ ትብላው፣ ስጋ ላይ እንዳትቆጥበው በላት። ኤሚልን በሁለቱም ጉንጩ ሳምልኝ። የቤታችን ጠባቂ ቅዱስ ኒቆላዎስ ከመንገድ ክፉ ይሰውርህ፤ እንጀራህም ትዳርህም ይባረክልህ። ያለህበት አገር አይክበድህ።

እናትህ
ስታና

ቅዳሜ ደውል አልልህም፤ ጉዳዩን ጨርሼዋለሁ። ከደወልክ ግን መኪናውን ዳር አቁመህ ደውል።