ንጉሥ የሌለበት መድኃኒት

ለምወድህ ወንድሜ ለዴሊን፣

እንደምን ሰነበትህ? እንደምን ከረምህ? ጤናህስ እንዴት ነው? እዚያ በረሃ ውስጥ አሸዋው ዓይንህን አላስቸገረህም? ሳልህስ ተሻለህ ወይ? የላክሁልህን የደረቀ እንጉዳይ በላኸው ወይስ እንደ ልማድህ ለጓደኞችህ አደልኸው? እኔ እህትህ ፋንግሩ፣ ባለቤቴ ጓንግፉና ልጃችን ሊያንዜ ቆመን እንሄዳለን። ከዚህ አልፌ ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ግን አልችልም።

እማዬ ታማለች ብዬ ለላክሁልህ ቴሌግራም የሰጠኸው መልስ ደርሶኛል። «ዘንድሮ ደግሞ ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት?» ትላለህ። ፖስታ ቤት ያለችው ልጅ ቀልድ መስሏት እየሳቀች ነው ያነበበችልኝ። እኔ እዚያው ባንኮኒው ሥር ቁጭ አልሁ። አልፈርድብህም ዴሊን። የዛሬ ሁለት ዓመት «እናት በጠና ታማለች፣ ቶሎ ድረስ» የሚለውን ውሸት በእጄ ጽፌ የላክሁት እኔው ነኝ። አምስት ቀን ተንገላትተህ መጥተህ፣ እማዬን ግንባሯን በጨርቅ አስራ አልጋ ላይ፣ ልናጭልህ ያሰብናትን የልብስ ሰፊውን ልጅ ደግሞ ተኳኩላ ጓዳ ውስጥ ሊጥ ስታሽ ስታገኛቸው የፊትህ መለዋወጥ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። በማግሥቱ ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ሄድህ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ውሸት ግን እያደር ከበደኝ።

ስለዚህ ብምልልህም አታምነኝም። የምታምነውን ልጻፍልህ። አንተም እኔም ያደግነው ከአባባ የመድኃኒት መሳቢያዎች ሥር ነው፤ የእሱን የማዘዣ ወረቀት ማንበብ የተማርነው ከፊደል በፊት ነው። አባባ ሰው እንዳይከፋው ብሎ በአፉ ሊዋሽ ይችላል፣ ወረቀቱ ግን ዋሽቶ አያውቅም። የጻፈውን እነግርሃለሁ፣ አንተው ፍረድ።

በአምስተኛው የጨረቃ ወር የእማዬ እግር ማበጥ፣ ትንፋሿም ማጠር ጀመረ። ሆስፒታል ወስደናት ልቧ ሰፍቷል አሉን፤ ክኒን ሰጥተው ቤቷ ትረፍ ብለው ሸኙን። አባባ በሦስት ጣቱ የእጇን ትርታ ይዞ ቆየ፤ የግራውን፣ የቀኙን፣ እንደገና የግራውን። ከዚያ ጻፈ። መርዘኛውን ሥር በወረቀቱ ራስጌ አስቀመጠው፣ መርዙ እንዲለቅ ለብቻው አስቀድሞ ብዙ ሰዓት ይፈላ የሚል ትእዛዝ ጨመረበት። ቀጥሎ ኃይል የሚሰጠው የጂንሰንግ ሥር፣ ደረቅ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ሌሎችም፤ መጨረሻ ላይ ሁሉን የሚያስታርቀው ጣፋጩ ሥር። አሥራ አንድ ዓይነት፣ ሰባት እሽግ። አባባ እንደሚጠራቸው፣ ዋናው መድኃኒት ንጉሡ በዙፋኑ፣ ደጋፊው ምኒስትሩ በወንበሩ፣ ረዳቱም መልእክተኛውም በየቦታቸው ነበሩ። አባባ መርዘኛውን ሥር ካነገሠ ሊዋጋ ተነሥቷል ማለት እንደሆነ ለአንተ አይነገርህም። እውነትም በሰባተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። እማዬ ከአልጋዋ ወርዳ ጓንግፉን «የበቆሎ ገንፎ እንዲህ ነው እንዴ የሚማሰለው? ለአሳማ ነው ያሰብኸው?» ብላ ስትሰድበው ሁላችንም ደስ ብሎን ሳቅን።

የመድኃኒቱን አተላ እንደ ወጋችን መንገድ ላይ ደፋሁት፣ አላፊ አግዳሚው ረግጦ በሽታውን ይዞላት እንዲሄድ። አንተ ልጅ ሆነህ «የሰው ሳል ለኔ ምን ያደርግልኛል» እያልህ እየዘለልኸው ታልፍ ነበር። አሁን መንደርተኛው ጠምዘዝ ብሎ መጥቶ ሆነ ብሎ ይረግጥልናል። ሽማግሌው ዡ በምርኩዙ ሳይቀር ወጋ ወጋ አድርጎ «ወደኔ ይምጣ፤ እኔ ጋ ብዙ ዘመድ ያገኛል» አለኝ። ሳቅሁለትና ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

በሰባተኛው ጨረቃ እብጠቱ ተመለሰ። አዲሱ ወረቀት ላይ ንጉሡ በግማሽ ቀንሷል፤ ስምንት ዓይነት፣ አምስት እሽግ። ምነው ብዬ ብጠይቀው አባባ ዓይኔን ሳያይ «ሆዷ አልቻለውም» አለኝ። የስምንተኛው ጨረቃ ወረቀት ሲመጣ እጄ ለምዶበት የመርዘኛውን ሥር መሳቢያ ሳበው። ወረቀቱ ላይ ግን አልነበረም። አምስት ዓይነት፣ ሦስት እሽግ። መሳቢያውን መልሼ ዘጋሁት።

አናጢውን ጌንግን ታስታውሰዋለህ? አባባ ጣፋጭ ሥርና ቀይ ቴምር ብቻ የጻፈለት ዕለት፣ አንተ ሚዛኑን አስቀምጠህ «እህቴ፣ ጌንግ ሊሞት ነው እንዴ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። አሥር ዓመትህ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀበርነው።

እስከዚህ ጽፌ ሳለ አባባ ጠርቶኝ ሄጄ መጣሁ። ሌላ ወረቀት ሰጥቶኛል። ጣፋጭ ሥር። ቀይ ቴምር። ሌላ ምንም የለበትም። የእሽጉ ብዛት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። «አባባ፣ ስንት እሽግ ልመዝን?» አልሁት። «እኔ እንጃ ልጄ» አለኝ። «አርባ ዓመት ሙሉ መራራ ሳጠጣት ኖርሁ። አሁን እንኳ ይጣፍጣት።» ከዚያ የቀለም ብሩሹን አጥቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ሚዛኑን ትቼ በግምት ዘገንሁት። አባባ ወረቀቱን መልሺልኝ አላለኝም፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልሃለሁ፣ ጽሕፈቱን ታውቀዋለህ።

ደብዳቤው አንተ ዘንድ ለመድረስ ስምንት ቀን ይፈጃል። አንተ ደግሞ ለመምጣት አምስት ቀን። ነገ ጧት ጓንግፉ ወርዶ ሌላ ቴሌግራም ይልክልሃል፤ «ጣፋጭ ሥርና ቴምር ብቻ» ነው የሚለው። እሱንም ቀልድ ካልኸው የምጨምረው ቃል የለኝም። ተስፋዬ ተሟጧል ወንድሜ። በእኔ ውሸት የተነሣ ዓይኗ በር በሩን እንዳየ ቢከደን ከዚያ ወዲያ እንዴት ሰው ሆኜ እንደምኖር አላውቅም። እሷማ እንዳልጠራህ ከልክላኝ ነበር። «ያኔ በውሸት ተኛሁ፣ ሰማይ ሰምቶ በእውነት አስተኛኝ። ልጄን ሁለተኛ አላታልልም» አለችኝ። ይሄ እኮ ውሸት አይደለም እማዬ ብላት፣ «እሱ በምን ያውቃል?» አለችኝ።

ጓንግፉ እጅግ አድርጎ ሰላም ይልሃል። ሊያንዜ የፊት ጥርሷ ወልቆ እየተኮላተፈች «አጎቴ ግመል ያምጣልኝ» ትላለች። ሽማግሌው ዡ ሰላም ብሎሃል። የልብስ ሰፊው ልጅ አግብታ ወልዳለች፤ ትናንት የዶሮ ሾርባ ይዛ መጥታ ነበር፣ ቂም የለኝም በይልኝ ብላለች። አባባ ወረቀቱን ሲሰጠኝ «ዴሊን አሁንም ጽሕፈቴን ያነባል?» ብሎ ጠይቆኛል፤ ሰላምታው እሱ ነው።

ከእማዬ ሰላምታ የለህም። ምን ልበልልሽ ብዬ ብጠይቃት፣ «ምንም አትበዪልኝ። ሰላም በዪልኝ ካልሁሽ፣ ይኸው መናገር ትችላለች፣ ደህና ናት ይላል» አለችኝ።

እህትህ ቺያዎ ፋንግሩ
ሊዩጎው መንደር፣ ቺንሊንግ ተራራ
ስምንተኛው ጨረቃ በገባ በአሥራ ዘጠኝ፣ 1984