የእኔ የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ብቻ ናት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14
ከሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር

ይድረስ ለእታለሜ፤ ቀይ እስክሪብቶሽን አስቀምጪና አንብቢኝ፤

እንዴት ከርመሻል? ተማሪዎችሽስ? መቼም እኔን ፊደል ካስቆጠርሽ ወዲህ የማንም ልጅ ድንቁርና አያስደነግጥሽም። እኔ ደህና ነኝ፤ ያው እንደ ድሮዬ ክር የመሰልኩ ነኝ። ጥቅሉን ስትፈቺ ውስጡ ያለው ቀበቶ ነው። እንቁራሪት የለበትም፣ የሚያሳክክ ዱቄትም አልነሰነስኩበትም። ጥቅሉን ያመጣችልሽ የጎረቤታችን ልጅ ምስክር ናት፤ ፈትሻ ነው የተቀበለችኝ። አልፈርድባትም፣ አላመነችኝም።

አባዬ ታሟል።

ይቺን ጽፌ መልሼ ሳነባት እኔም አላመንኳትም። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነዋ! ባለፈው ዓመት «ከደረጃ ወድቋል» ብዬሽ ሻንጣሽን በቅጡ ሳትዘጊ ስትበሪ መጥተሽ፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ የነሳሽ ቀን «ከእንግዲህ ቤቱ ተቃጠለ ብትለኝ ውሃ አላቀብልህም» ያልሽኝን አልረሳሁም። ያለፈው ሳምንት ስደውልልሽም ገና «አባዬ» ከማለቴ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽው። ከዚያ ለእሱ ደወልሽ። «ደህና ነኝ፣ ጉንፋን ነው ድምፄን የዘጋው» አለሽ። ማር ላስ አልሽው። ስልኩን እንዳስቀመጠ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ፈተና እያረመች ነው፤ ትንፍሽ ብትል ወዮልህ!» አለኝ። ትንፍሽ አላልኩም። ጻፍኩ።

አሁን ቀበቶውን አንሺው። የምታውቂው ዓይነት ነው፣ ጥቁር፣ የነሐስ ዘለበት ያለው። የእሱ ግን አይደለም፤ እኔ ነኝ የሰፋሁት። በግንቦት ላይ ነው፤ የእሱን ቀበቶ ቁጭ አድርጌ አስመስዬ፣ በሁለት ጣት ብቻ አስረዝሜ ሰፋሁና ማታ ሲያወልቀው ቀየርኩበት። ጠዋት በለመዳት ቀዳዳ ቆልፎ ጫማ መስፊያ ሱቁ ሲገባ፣ ጫማ ልትለካ የመጣች ሴትዮ ፊት ሱሪው ሸርተት! አቤት የሳቅኩት! እሱ እቴ፣ ምንም ሳይጠረጥር መብሻውን አንስቶ አንዲት አዲስ ቀዳዳ በሳ። በሳምንቱ አሮጌውን ቀበቶ ከቁራጭ ቆዳው ክምር ሥር አገኘውና የሴት ጫማ ይዞ ሱቁን ሦስት ጊዜ አዞረኝ። ከዚያ ደክሞት ቁጭ አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አንተ ቀልቃላ፣ ከሳሁ ብዬ እኮ ደንግጬ ነበር!»

አሮጌውን ትቶ የእኔን መልበስ ቀጠለ። በሙያዬ ኮርቶ ነው መሰለኝ።

በሐምሌ አንድ ጠዋት፣ «ደግሞ ቀየርክብኝ? አስረዘምከው አይደል?» አለኝ፤ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ እየሳቀ።

እታለም፣ እጄን አላስነካሁትም ነበር። ግን እንዲያ ሲስቅ ሳየው ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «አወቅክብኝ!» አልኩት። ሌላ ቀዳዳ በሳ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ጠየቀኝ። ደግሞ «አወቅክብኝ!» አልኩት። አራት ጊዜ እታለም። ያልሠራሁትን ሥራ አራት ጊዜ ወሰድኩ።

በዚያው ሰሞን ዳቦ ሻይ ውስጥ ሳይነክር አይበላም ነበር። «ጥርሴ ነው» አለ። ሥጋ ተወ። «ቃር ነው» አለና እንደ ጠመኔ ያለ ኪኒን ይመጥ ጀመር። ሲውጥ አንገቱን እንደ ዶሮ ወደ ላይ ስለሚያንጋጥጥ፣ እኔ ደግሞ ያንን እየቀለድኩ ሱቅ የመጣውን ሁሉ አስቅ ነበር። ከዚያ ምሳውን ብቻውን ከመጋረጃው ጀርባ መብላት ጀመረ። አኩርፎ መስሎኝ ነበር።

በመስከረም ማለቂያ ውሃ ተጎነጨና ዓይኑ ፈጠጠ፤ ውሃው ተመልሶ በአፍንጫውም በአፉም ወጣ። ምን አደረግኩ ብትይኝ፣ አጨበጨብኩለት። የእኔን ቀልድ የመለሰልኝ መስሎኝ ነዋ! ጠረጴዛውን ይዞ ቀና ሲልና ፊቱን ሳየው ነው እጄ አየር ላይ የቀረው።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ የጫማዋ ተረከዝ በአንድ ጎን አልቋል። አባዬ እዚያ ላይ ሲያፈጥ አየሁት። «ክብደት የቀነሱት ከመቼ ወዲህ ነው?» ስትለው፣ «ኧረ አልከሳሁም! ይሄ ልጄ ነው ቀበቶዬን እያስረዘመ የሚጫወትብኝ» አላት። ወደ እኔ ዞረች።

«የመጀመሪያዋ ብቻ ናት የእኔ» አልኩ።

አባዬ ቀበቶውን ወደ ታች አየው። በጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። «ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልከኝ?»

«ስለሳቅክ።»



ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፉ አስገብተው ከውስጥ ቅንጣት ሥጋ ለናሙና ወሰዱ። ውጤቱን ሁለት ሳምንት ጠበቅን፤ ለካ አንዱ ላብራቶሪ ያየውን ማመን አቅቶት ለሌላ ልኮት ኖሯል። ከዚያ ሐኪሟ ወረቀት ላይ ቧንቧ ሳለችልን። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው አለች፤ ወይ ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን የሚነሳ፣ ወይ ከታች ጨጓራው አጠገብ፣ ቃር ለዓመታት ካቃጠለው ቦታ የሚነሳ። «የእርስዎ ከሁለቱም አይደለም። ሴሎቹ ደቃቅ ናቸው፤ ከመቶ ሰው አንድ ወይ ሁለት ላይ ነው የምናየው። ፈጥኖ ይሰራጫል።»

«እኔ ድሮም የፋብሪካ ዕቃ አልወድም» አላት አባዬ በዚያ በተዘጋ ድምፁ። ልትስቅ ፈልጋ ከንፈሯን ነከሰች።

ቆርጦ ማውጣት አይሆንም፤ ጉበቱ ላይ ደርሷል። ሰኞ በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ይጀምራሉ፤ ለመዋጥ ደግሞ ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ ትናንት አስገቡለት። ዛሬ ግማሽ ሲኒ ሾርባ ወረደለት። በደረቱ ላይ እጁን አድርጎ እየወረደ መሆኑን እያዳመጠ ነው የጠጣው።

ሐኪሟን ኮሪደር ላይ ጠብቄ ያዝኳት። «መድኃኒቱ ያድነዋል?» አልኳት። «ያሳንሰዋል። ጊዜ ይሰጠዋል» አለች። «በሐምሌ ብናመጣው ኖሮስ?» አልኳት። መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። «ይሄ ዓይነቱ ፈጣን ነው» አለችኝ። አዎም አላለችኝ፣ አይደለምም አላለችኝ። ከዚያ፣ «ሌላ ቤተሰብ አላችሁ?» አለች። እህት አለችኝ አልኩ። «ትምጣ። ፈተናውን ሌላ ሰው ያርምላት።»

ስለ ፈተናው አባዬ ነግሯት ኖሯል። ለማያውቃት ሴትዮ ሁሉ ስለ አንቺ ያወራል።

እኔን ካላመንሽ ቀዳዳዎቹን እመኚ። የመጀመሪያዋን ከድሮዎቹ ቀጥሎ ታገኛታለሽ። ከእሷ ወዲያ ያሉት አራቱ የእሱ ክሳት ናቸው፤ ሦስቱ በማስመሪያ የተበሱ ይመስላሉ፣ የመጨረሻዋ ጠማማ ናት። የአባዬን ጠማማ ቀዳዳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ትናንት እኔ ራሴ በእሷ ላይ ቆለፍኩት። እኔ፣ ክሩ። ጠበበኝ። ይህም አላሳመነሽ እንደሆነ ደውይለትና፣ «አባዬ፣ ውሃ ተጎንጭ፣ ስትውጥ ልስማህ» በዪው።

ዛሬ ጠዋት ከአልጋው ሳነሳው የሆስፒታሉ ሱሪ ወረደበት። ገመዱን ዓይኔ ሥር ይዞ፣ «ይሄንንም ያስረዘምከው አንተ ነህ አይደል?» አለኝ። ሁለታችንም እናውቃለን እኮ።

«አወቅክብኝ!» አልኩት። ሳቀ። ድምፅ የለውም ሳቁ፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። እኔ ጎንበስ ብዬ ገመዱን ሁለት ጊዜ ቋጠርኩለት፤ ቀና ለማለት ትንሽ ቆየሁ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። በዚህኛው ጉዞ ሻንጣሽን ዝጊው። ስትደርሺ በጥፊ ልትመቺኝ መብትሽ ነው፤ ጉንጬን አዘጋጅቼ በሩ ላይ እቆማለሁ። ብቻ መጀመሪያ እሱ ጋ ግቢ።

የማይታመነው ወንድምሽ፣
ቀልቃላው