ለሩቅ ኃላፊ ጊዜ መምህሬ

ውድ ባለቤቴ ዓለሙ፣

ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ሞላው። ቤቱ እንደተውከው ነው። እዚህ እስራኤል፣ የአፉላ ኢሊቱ ሕንጻችን አሳንሰር ዛሬም በሳምንት ሁለቴ ይቆማል፤ እኔም ደረጃው ላይ እየተቀመጥኩ እየተነሣሁ እወጣለሁ። መነጽርህ ሬዲዮው ላይ እንዳለ ነው፤ ልጃችን አንሺው ትለኛለች፣ አልሰማኋትም። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ አይደለም። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴን የሚችልልኝ ደግሞ ካንተ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

የልጅ ልጃችን ኦሪት ዘንድሮ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ መርጣለች። ባለፈው ሳምንት የሩቅ ኃላፊ ጊዜ እርባታ የቤት ሥራ ሲሰጣት ታስተምርበት የነበረውን ሰማያዊ ደብተርህን አወጣሁና አብረን ተቀመጥን። መጀመሪያ የነገርኳት የራሴን ስሕተት ነው። አዲስ አበባ ስልክ ቤት ስሠራ የጅቡቲን መስመር እንድይዝ ፈረንሳይኛ ተማሪ ተብዬ ወደ ክፍልህ ተላክሁ። «በልቼ ነበር» የሚለውን ተርጉሚ ስትለኝ፣ «ነበር»ን ይዤ «ዤቴ ማንዤ» ብዬ ጻፍኩ። ተበልቼ ነበር ማለት ነው ስትል ክፍሉ በሙሉ አውካካ። አንተ አልሳቅክም። አማርኛችን ለሁሉም አንድ «ነበር» አለው፣ ፈረንሳይኛ ግን ረዳት ግሡ ሁለት ነው፤ መብላትና መናገር «አቯር»ን ይይዛሉ፣ መሄድና መምጣት፣ መወለድና መሞት «ኤትር»ን ይይዛሉ ብለህ አስረዳኸኝ። ጥፋቱ ከሞኝነቴ ሳይሆን ከቋንቋዬ እንደመጣ የነገረኝ መምህር አንተ ብቻ ነህ። የወደድኩህም ያን ቀን ነው።

ኦሪት ገባትና አንድም ሳትስት ሠራች። መምህርቷ ዜሮ ሰጠቻት። ሌላ ሰው ሠርቶልሻል አለቻት። ልጅቷ፣ ሳባዬ፣ አያቴ፣ ኢትዮጵያ ሳለ የፈረንሳይኛ መምህር ነበር፣ ከደብተሩ ነው ያጠናሁት ብትላት፣ የአማርኛ መምህር ማለትሽ ይሆናል ብላ ሳቀችባት። ቤት መጥታ ምሳዋን ሳትነካ አልጋዋ ላይ ተደፋች።

በማግስቱ የበዓል ቀሚሴን ለብሼ፣ ደብተርህን በፌስታል ይዤ፣ በአውቶቡስ ቁልቁል ወደ ትምህርት ቤቷ ወረድኩ። መምህርቷ ከልጃችን በዕድሜ ታንሳለች። ጆሮዬ የማይሰማ ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃሉን እየቆራረሰች በዕብራይስጥ ታናግረኝ ጀመር፤ ተርጓሚ ልጥራልሽ ወይ አለችኝ። ጠመኔውን አነሣሁና ከ«ዣቬ ማንዤ»፣ በልቼ ነበር፣ እስከ «ኢልዛቬ ማንዤ»፣ በልተው ነበር፣ ስድስቱንም ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላት። ቀጥዬ «ኤል ኤቴ ፓርቲ»፣ ሄዳ ነበር፣ ብዬ ተጽፋ የማትነበበዋን የሴት ፊደል መጨረሻው ላይ ስጨምር ፊቷ ቀላ። ዜሮውን ሰረዘች። ኮል ሀካቮድ ሳብታ፣ ጎበዝ አያቴ አለችኝ፤ ጫማውን ራሱ ያሰረ ሕፃን እንደሚመሰገነው። ምስጋናሽን ያዥው፣ ልጅቷን ይቅርታ ጠይቂያት አልኳት፤ በፈረንሳይኛ ነው ያልኳት። ጠየቀቻት።

ልወጣ ስል፣ ደብተርህን እያየች፣ ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው ታዲያ እዚህ ለምን አላስተማረም አለችኝ። በቅንነት ነው የጠየቀችኝ፤ እኔ ግን ደብተርህን ፌስታሉ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። እስከ አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ የተናደድኩት በእርሷ ነበር። ተሳፍሬ ስቀመጥ ንዴቴ ወደ አንተ ዞረ።

በሰማንያ ሦስት ወደዚህ አገር እንደመጣን፣ የሥራ አገናኝ ቢሮው ጸሐፊ ሙያህን ስትጠይቅህ፣ የመምህርነት ምስክር ወረቀትህ ደረት ኪስህ ውስጥ ነበር። አላወጣኸውም። የተገኘውን እሠራለሁ አልክ። ከዚያ ዐሥራ ሦስት ዓመት ኢንዱስትሪ ቀጠና ካርቶን ስታሽግ ኖርክ። አለቃህ «ሻኬት»፣ ዝምተኛው፣ የሚል ስም ሲያወጣልህ እንደ ሹመት ተቀበልከው። አርባ ተማሪ ፊት ቆመህ ስታስተምር የኖርክ ሰው፣ ለአንዲት ጸሐፊ አንድ ቃል እንዴት ያጥርሃል? ምን ነበር የፈራኸው? ይህን በሕይወት ሳለህ መጠየቅ ነበረብኝ።

ግን አንተን ብቻ ብወቅስ ግፍ ነው። እኔም አጠገብህ ተቀምጬ ነበር። ወረቀቱን ኪስህ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። አስቸጋሪ እንዳንባል፣ መንግሥት የሚሰጠን ቤት እንዳይዘገይብን ብዬ ዝም አልኩ። «ሲ» ከፊቱ ሲመጣ ሩቅ ኃላፊ ጊዜ የጸጸት ጊዜ ይሆናል ብለህ አስተምረኸኝ ነበር። «ሲ ዣቬ ፓርሌ»፤ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ። ክፍል ውስጥ ቀሪውን ግማሽ አንተ ሳትጨርስ እመልስልህ ነበር። ትናንት ደብተርህ ጀርባ ላይ ጻፍኩትና ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል መጨመር አቃተኝ።

በሚቀጥለው ወር ሙት ዓመትህ ነው። ሰው ይሰበሰባል፤ አንዱ ይነሣና ማንንም ሳያስቸግር የኖረ ዝምተኛ ሰው ነበር ይላል። ያኔ ከሴቶቹ መሐል እኔ እነሣለሁ። የፈረንሳይኛ መምህር ነበር እላለሁ። የት እንዳስተማርክ፣ ስንት ዓመት እንዳስተማርክ እናገራለሁ፤ የጸሐፊዋን ቢሮና የእኔንም ዝምታ እጨምራለሁ። ተቀመጪ ቢሉኝ አልቀመጥም። አንተ ዘንድ እስክመጣ የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ ሰው እያስቸገርኩ።

ባለቤትህ ትርንጎ