የሞተሬ የኋላ ጥርስ

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ነው የምጽፈው። መካኒኩ ጋሽ ሰይድ ነግረውኝ ነበር። "ይቺ ቤንዚን ከዘይት ቀላቅላ የምትጠጣ ሚጢጢ ሞተር ጉልበት የላትም። የደብረ ሲናን ዳገት ካሰብክ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የኋላውን ጥርስ ትልቁን ልግጠምልህ፤ ትንሹ ለሜዳ ነው" አሉኝ። እኔ ግን ትንሹን አስገጠምኩ። ለምን? በአጣዬ መንገድ አውቶቡስ ልቀድም! ደደብ!

አባባ ዛሬ ደብረ ሲና የመሬት ክርክር ቀጠሮ ነበራቸው። ትናንት በቅሎ ሊዋሱ ሲነሡ "ምን በወጣዎ፣ እኔ አደርስዎታለሁ" ብዬ ያስቀረሁ እኔው ነኝ። ገና ዳገቱን ስንጀምር ሞተሯ አቃስታ ጠፋች። አስነሣኋት፤ ደግማ ጠፋች። አባባ በዚያ ዕድሜያቸው ወርደው ከኋላ ገፉልኝ። ባላጋራችን በበቅሎው ሆኖ "እንደምን አደራችሁ" ብሎን አለፈ። እንደምን አደራችሁ! ስንደርስ የአባባ ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ መዝገቡ ተዘግቷል።

ምናለ ቢሰድቡኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ! ቤት ስንገባ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሲጠይቃቸው "እንቅልፍ ጥሎኝ አርፍጄ ነው" አሉ።

ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው የቀሰቀሱኝ እሳቸው ናቸው።